ሰንሰሉን ነቅለን ቆርቆሮ ስናጥር

አምና ክረምት እናቴ ጊቢ ውስጥ ዱባ ተተክሎ ነበር። ቤቱ ደሴ፣ ሮቢት አካባቢ ነው። ሐረጉ ጥሩ አድርጎ ሄደ። ቅጠሉ ሰፋ። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ጊቢው ቢጫ በቢጫ ሆነ። እናቴ ደስ ብሏት ለጎረቤቱ ሁሉ ዱባ ቃል ገባች። ከዚያ አውራ ጣት የሚያክሉት ትንንሽ ዱባዎች ጫፋቸው እየጠቆረ አንድ በአንድ ረገፉ። ከዚያ ሁሉ አበባ ለወግ የበቃው አንድ ዱባ ነው። እሱም አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ።

"የሰው ዓይን ነው" አለች ጎረቤታችን። እናቴ ደግሞ አፈሩን ጠረጠረች፤ ፍግ አንሶታል ባይ ናት። እኔ መስከረም ላይ፣ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት በርጩማ ይዤ ዱባው አጠገብ ተቀመጥኩ። ከአንድ ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት። የመጣውን ሁሉ ቆጠርኩ። ጥቂት ዝንቦች። አንድ ተርብ። ንብ ግን አንዲት ብቻ። እሷም አንድ አበባ ውስጥ ገብታ ወጣችና አጥሩን ዘላ ሄደች።

ነገሩ ምትሃት የለበትም። ዱባ ወንዴና ሴቴ አበባውን ለየብቻ ነው የሚያወጣው። የወንዴው ብናኝ ወደ ሴቴው ካልደረሰ ፍሬው አይያዝም። የዱባ ብናኝ ደግሞ ከባድና ተለጣፊ ነው፤ ነፋስ አይሸከመውም። የሚያደርሰው ንብ ነው። አበባው ጠዋት ተከፍቶ እኩለ ቀን ሳይሆን ይከደናል። በእነዚያ ጥቂት ሰዓታት ንብ ካልመጣ ያቺ አበባ አለቀላት። የተረፈው ዱባ ጎኑ የጠፈጠፈውም ለዚሁ ነው። ብናኝ በበቂ ያልደረሰው ፍሬ ዘሩ በአንድ ወገን ብቻ ይይዝና ይጣመማል።

እኔን ያስጨነቀኝ ታዲያ ንቦቹ የት ሄዱ የሚለው ነው። መልሱን ያገኘሁት ያቺ ንብ ዘላው የሄደችው አጥር ላይ ነው።

ልጅ ሳለሁ ያ አጥር ሰንሰል ነበር። ሌላ ቦታ ስሚዛ የሚሉት ነው። ቅጠሉ ጥቅጥቅ ያለ፣ ከብት የማይደፍረው፣ ቅርንጫፉን ቆርጠው ቢሰኩት የሚበቅል ተክል ነው። አበባው ነጭ ነው። ከንፈር ያለው ይመስላል። መዘዝ ሲያደርጉት ጫፉ ላይ ጠብታ ማር አለ። ከትምህርት ቤት ስንመለስ እሱን እየመጠጥን ነበር ቤት የምንገባው። ብቻችንን ግን አልነበርንም። ንቡም እዚያው ነው። ምንቃሯ ጠመም ያለው ትንሿ ወፍም እዚያው ናት። ትልልቆቹ ደግሞ ቅጠሉን ለወፍ በሽታ ይፈልጉት ነበር። ከሰንሰሉ መሃል ቀጋ ጣል ጣል ብሏል። በጓሮ በኩል ጌሾ አለ። መስከረም ሲጠባ ከሥሩ አደይ አበባ ይወጣል፤ የተከለው ሰው የለም።

ከዚያ ቆርቆሮ መጣ። ከቆርቆሮው በኋላ ብሎኬት። ማንንም አልወቅስም፤ ምክንያት ነበረው። ሌባ በሰንሰል ሾልኮ ይገባል። የወሰን ጠብ አለ። መሬት ተወዷል። ሰንሰል አንድ ሜትር ቦታ ይይዛል፣ ቆርቆሮ የጣት ያህል እንኳ አይወስድም። ካርታ ላይ በካሬ ለሚቆጠር ቦታ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። በዚያ ላይ የኪራይ ክፍል መሥራት ነበረብን። እንዲህ እንዲህ እያለ ሰንሰሉ ተነቀለ። ቆርቆሮ ደግሞ አያብብም።

እስቲ በቀላሉ እናስላው። 10 በ20 የሆነ የ200 ካሬ ቦታ ዙሪያው 60 ሜትር ነው። የሰንሰል አጥር አንድ ሜትር ያህል ይሰፋል። ከጎረቤት ጋር የምንጋራውን ለሁለት ብናካፍለው እንኳ ለአንድ ቤት 30 ካሬ የሚያህል የሚያብብ ነገር ይደርሰዋል። ዛሬ ደሴ መሃል 30 ካሬ የአበባ ቦታ ያለው ቤት ፈልጉ። ከሰኞ ገበያ እስከ ቧንቧ ውሃ ብትሄዱ ስንት ታገኛላችሁ? ድሮ ግን ምንም የሌለው ድሃ ቤት እንኳ ነበረው። የአትክልት ቦታ አለኝ የሚል ሰው አልነበረም፤ አጥር ነበር ያለው።

በዚያ ላይ አጥሩ የተያያዘ ነው። የኛ ከጎረቤት፣ የጎረቤት ከገደሉ፣ ገደሉ ከጦሳ ተራራ ሥር። ይሄ ለትንንሽ ነፍሳት ሕይወት ነው። የማር ንብ ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር ሄዳ ትቀስማለች። ትንንሾቹ የዱር ንቦች ግን ከጎጇቸው ከጥቂት መቶ ሜትር አያልፉም። በዚያ ክልል አበባ ከሌለ እነሱም የሉም።

ባለፉት ዓመታት ደሴም ኮምቦልቻም ላይ የኮሪደር ልማት ገብቷል። የእግረኛ መንገዱ ደስ ይላል። ሽማግሌና ልጅ ያዘለች እናት መኪና ሳይጋፉ የሚሄዱበት መንገድ መገኘቱ ትልቅ ነገር ነው። አረንጓዴ አሻራም ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በየክረምቱ ችግኝ መትከልን ባህል አድርጎታል። ስለዚህ አረንጓዴ የለም ብዬ አልከራከርም። የምለው ሌላ ነው። አረንጓዴ ሁሉ ምግብ አይሆንም። የተከልነውን እስቲ በንብ ዓይን እንየው።

የታጨደ ሳር ለንብ ባዶ ምንጣፍ ነው። ሊያብብ ሲል ይታጨዳል፤ ቢያብብም ሳር ማር የለውም፣ ብናኙን የሚወስደው ነፋስ ነው። ቦገንቪሊያ ደግሞ ዓይን ይስባል። ግን አበባ የምንለው ያ ሐምራዊ ነገር ቅጠል ነው። እውነተኛዋ አበባ መሃሉ ላይ ያለችው ነጭ ቀጭን ቱቦ ናት። ለማር ንብ ጠባብ ናት። ድርብርብ ጽጌረዳም እንደዚሁ ነው። ሰው መልኩ እንዲያምር ብሎ ሲያዳቅለው ብናኝ የሚይዙት ክሮች ወደ ቅጠል ተለውጠዋል። ውበቱ የመጣው ከንቧ ቀለብ ላይ ተቀንሶ ነው።

አሁን ቀጋን ከጎኑ አስቀምጡት። አምስት ነጭ ቅጠል ብቻ። መሃሉ ክፍት። ቢጫ ክሮቹ በብናኝ ተሞልተዋል። ንብ መጥታ አንዴ ዞር ትልበታለች፣ እግሯ ቢጫ ሆኖ ትሄዳለች። ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ የሚበቅለው ብቸኛው ጽጌረዳ ይሄ ቀጋ ነው። እኛ ግን እሾሃም ቁጥቋጦ ብለን እየመነጠርነው ጽጌረዳ ከሱቅ እንገዛለን። ፍሬውንም ልጅ ይበላዋል፣ ወፍ ይበላዋል። እሾሁ ደግሞ ለትንሽ ወፍ ምሽግ ነው፤ ጎጆዋን ድመት አይደርስባትም።

ለወፎች ሌላም ጉዳይ አለ። ብዙ ሰው ወፍ ጥሬ ለቃሚ ናት ብሎ ያስባል። እውነት ነው፣ ድንቢጥ ጥሬ ትለቅማለች። ጫጩት ስታሳድግ ግን አብዛኛዋ ወፍ የምትፈልገው አባጨጓሬና ትንንሽ ነፍሳት ነው። የጫጩት ሰውነት የሚገነባው በነሱ ነው። አባጨጓሬ ደግሞ ያገኘውን ቅጠል ሁሉ አይበላም። ለብዙ ሺህ ዓመታት አብሮት የኖረውን ተክል ነው የሚያውቀው። የብሳና ቅጠል ተበሳስቶ ያያችሁት ለዚያ ነው። የባሕር ዛፍ ቅጠል ግን ንጹሕ ነው። ዘይቱ ያባርራቸዋል፣ እዚህ አገር የለመደው ነፍሳትም ጥቂት ነው። የተበሳሳ ቅጠል ስናይ ተክሉ ታመመ ብለን መድኃኒት ከመርጨታችን በፊት ማን እንደበላው ማየት ይሻላል። የቀጣዩ ሳምንት የጫጩት ምሳ ሊሆን ይችላል።

ስለ ባሕር ዛፍ ፍርደ ገምድል መሆን ግን አልፈልግም። በአፄ ምኒልክ ዘመን ገብቶ የስንቱን ቤት ሠርቷል፣ የስንቱን እንጀራ ጋግሯል። አበባውንም ንብ ትወደዋለች፤ ንብ አናቢ ሁሉ ያውቀዋል። የጦሳን ወገብ የሸፈነው እሱ ነው። ችግሩ እሱ ብቻ ሲሆን ነው። የሚያብብበት ጊዜ ካለፈ ያን ሁሉ ተራራ ብትዞሩ ለንብ የሚሆን ብዙ ነገር የለም።

ንብ ቀለብ የምትፈልገው ዓመቱን ሙሉ ነው። መስከረም ጥጋብ ነው፤ አደይ አበባው፣ መጩ፣ ኑጉ አለ። ከዚያ በኋላስ? እዚህ ላይ ነው አገር በቀል ተክሎች የሚያኮሩት፤ ተራ ገብተው ያብባሉ። ኮሶ ከጥቅምት ጀምሮ በበጋው ያብባል። ግራዋ ታኅሣሥና ጥር ላይ ነጭ ይለብሳል፤ ያን ጊዜ ሥሩ ብትቆሙ ዛፉ ራሱ የሚያጉረመርም ይመስላል። ኮርች ቅጠሉን አራግፎ ባዶ እንጨቱ ላይ ቀይ አበባ ያወጣል። ብሳና ደግሞ በበልጉና በክረምቱ መግቢያ ይደርሳል። ከነዚህ ውስጥ ሦስቱ በአንድ ሰፈር ቢገኙ ንብ ሰፈሩን አትለቅም።

ኮሶ ላይ ትንሽ ልቆይ። ለደሴ ብርድ የተፈጠረ ዛፍ ነው። ወንዴውና ሴቴው የተለያየ ዛፍ ነው፤ የሴቴው አበባ ቀላ ያለ ሆኖ እንደ ወይን ዘለላ ይንጠለጠላል። አያቶቻችን ለኮሶ ትል የጠጡት ያንን ነው። ዛሬ ሐኪም ቤት ኪኒን አለ፣ ኮሶን የሚፈልገው ጠፋ። መድኃኒትነቱ ሲረሳ ዛፉም አብሮ ተረሳ። አንድ የችግኝ መሸጫ ገብቼ ኮሶ አለ ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ልጁ "ጋሼ፣ ኮሶ ማን ይገዛል?" አለኝ። አልፈረድኩበትም። እሱ የሚያፈላው የሚጠየቀውን ነው። የሚጠየቀው ደግሞ ፓልምና የፈረንጅ ጥድ ነው።

የሚተከለውን ስናስብ ደሴና ኮምቦልቻን አንድ ማድረግ አይገባም። እኔ ኮምቦልቻ እሠራለሁ፣ ቅዳሜና እሑድ እናቴ ጋ እወጣለሁ። በሁለቱ መሃል ያለውን የሐረጎን ዳገት ስወጣ በየሳምንቱ የማየው ይሄንን ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት። ደሴ ወደ 2,500 ትጠጋለች። በአንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ወይና ደጋውን ለቀን ደጋ እንገባለን፣ ተክሉም ይለወጣል። ኮምቦልቻ ላይ ዋንዛ ያምርበታል፤ ነጭ አበባው ሲረግፍ መሬቱ ጤፍ የተሰጣበት ይመስላል። ደሴ ላይ ግን ብርዱ ያስቸግረዋል። አጋም ለኮምቦልቻ አጥር የሚያህለው የለም፤ አበባው ይሸታል፣ ጥቁር ፍሬው ለሰውም ለወፍም ነው። እሬት በድንጋያማው ቦታ ውኃ ሳይጠይቅ ይኖራል። ሰፊ ቦታ ላለው፣ ለትምህርት ቤት ወይም ለፋብሪካ ጊቢ፣ ሾላና ዋርካ አሉ። የእነሱ ነገር ይገርማል። አበባቸው ፍሬው ውስጥ ተደብቋል። እያንዳንዱ ዓይነት የራሱ ደቂቅ ተርብ አለው፤ በጠባቧ ቀዳዳ ገብታ የምታዳቅለው እሷ ብቻ ናት። ሾላው ከሌለ ተርቧ የለችም፣ ተርቧ ከሌለች ሾላው አያፈራም። ፍሬው ሲበስል ደግሞ የወፉን ዓይነት ቆጥራችሁ አትጨርሱም።

ደሴ ላይ ወይራ፣ የሐበሻ ጥድ፣ ኮሶ፣ ቀጋ፣ ጌሾ። ጌሾ የጠላና የጠጅ ጉዳይ ብቻ ይመስለናል። ትንንሽ ቢጫማ አበባዋን ንብ አትለቃትም፤ የጠቆረ ፍሬዋን ወፍ ይለቅመዋል። ለድንጋይ ካቡ ዳር ደግሞ ጦስኝ አለ። ለሻይ የምንገዛው ጦስኝ ማለቴ ነው። መሬት ላይ ተነጥፎ ያብባል። መሬት የሌለው ሰው ባልዲ ውስጥ ሊያኖረው ይችላል።

አንድ ተክል ብቻ ትከል ብትሉኝ ግን ራስ ክምርን እመርጣለሁ። መንገድ ዳር፣ ገደል አፋፍ ላይ ታውቁታላችሁ። ግንዱ ቀጥ ይላል። ብርቱካንማ አበባው ግንዱን ዙሪያውን ከቦ፣ ከፍ ብሎ ደግሞ ሌላ ክብ፣ ከዚያም ሌላ፤ ክምር በክምር ላይ ነው። ስሙን ያገኘው ከዚሁ ይመስለኛል። ባለፈው ጥቅምት ጢጣ አካባቢ አንዱ ሥር ቆሜ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ ጥቁር የሚመስል ትንሽ ወፍ መጣ። ጅራቱ ላይ ሁለት ረጃጅም ላባ አለው። ፀሐይ ሲያርፍበት ጥቁረቱ ሐምራዊ ሆኖ አብለጨለጨ። በሳይንስ ስሙ ተከዜ ወንዝን የሚጠራው የደጋ ወፍ ነው። አንዱን ክብ ዞሮ አበባዎቹን ሁሉ በተራ መጠጠ። ምንቃሩ ወደታች ጠመም ያለ ነው፣ አበባውም ጠመም ያለ ቱቦ ነው፤ ቁልፍና ጓጉንቸር ማለት ነው። ምንቃሩን ሲከት የአበባው የላይኛው ከንፈር ግንባሩ ላይ ያርፋል። ብናኙ ያለው እዚያ ነው። ወፉ ግንባሩን ቢጫ ተቀብቶ ወደሚቀጥለው ሄደ። ክፍያውና ሥራው በአንድ ጊዜ ተፈጸመ። ይሄ ተክል በየመንገዱ ዳር በፓልሙ መሃል ቢገባ ምን ይጎድላል? ውኃ አይፈልግ፣ አትክልተኛ አይፈልግ።

ስም እንዳያታልለን ደግሞ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። የወፍ ቆሎ የሚባለውን ያ ብዙ ቀለም ያለውን ቁጥቋጦ ለጌጥ የሚተክሉ ሰዎች አሉ። ቢራቢሮም ይመጣበታል። ግን መጤ ነው፣ አገሩ ላቲን አሜሪካ ነው። ፍሬውን ወፍ በልታ ጫካና ግጦሽ ላይ ትዘራዋለች፤ እዚያ ጥቅጥቅ ብሎ ይበቅልና ሌላውን ያፍናል። ከብት ከበላውም ይመርዘዋል። ወሎ በመጤ አረም የተቃጠለ አገር ነው። ቅንጬ አረም በ1977ቱ ድርቅ ዘመን ከእርዳታ እህል ጋር እንደገባ ይታመናል፣ ይኸው እስከ ዛሬ ማሳውንም መንገድ ዳሩንም አልለቀቀም። በገዛ እጃችን ሁለተኛ አንጨምር።

ስለ ማደሪያም አንድ ነገር። በዓለም ላይ ከ20,000 በላይ የንብ ዓይነት አለ። ከአሥሩ ሰባት ያህሉ ጎጇቸውን የሚሠሩት መሬት ውስጥ ነው። ማሯን ለመድኃኒት የምንፈልጋት ጣዝማም ቤቷ መሬት ሥር ነው። ጊቢውን ጥግ እስከ ጥግ ሲሚንቶ ስናለብሰው የቤታቸውን በር ደፈንነው ማለት ነው። ጭቃው እንደሚያስቸግር አውቃለሁ፤ የደሴ ክረምት እንግዳ አይደለም። ግን ፀሐይ የሚያገኝ አንድ ጥግ አፈሩ ይተው። አደይ አበባውም ከመስቀል ማግስት አይታጨድ። ጥቅምት አልቆ ዘሩ ይድረቅ። ያን ጊዜ ድንቢጦች ግንዱ ላይ ተንጠልጥለው ይለቅሙታል፣ የረገፈው ለከርሞ ይሆናል። መድኃኒት መርጨት ግድ ከሆነም ንብ ከገባች በኋላ፣ ምሽት ላይ ይሁን። አበባ ላይ ባይረጭ ይመረጣል።

ይሄ የከተማ ሰው ጨዋታ ብቻ የሚመስለው ካለ ኩታበር ሄዶ ባቄላ የሚያመርተውን ገበሬ ይጠይቅ። ባቄላ ንብ ስትጎበኘው ፍሬው ይጨምራል። ኑግ ደግሞ በራሱ ብናኝ አያፈራም፤ ከሌላ ኑግ የሚያመጣለት ነፍሳት ይፈልጋል። ማሳው ላይ ቱፎርዲ የሚባለው የአረም ማጥፊያ ሲረጭ መጩም ሌላውም የአበባ አረም ይጠፋል፣ የንቡ ቀለብ ይሳሳል። አገራችን በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት። ያ ማር ከአረምና ከአጥርም ጭምር የተለቀመ ነው።

ችግኙ ከየት ይምጣ ለሚለው፣ እናት ዛፎቹ አሉ። የየጎፍ ደን ኮምቦልቻ አናት ላይ ነው፤ የሐበሻ ጥዱም ወይራውም እዚያ አለ። ሐይቅ እስጢፋኖስ አለ። የየደብሩ ቅጥር፣ የየመስጊዱ ግቢና የመቃብር ስፍራው አለ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ዛፍ የማይቆርጥበት ቦታ ስላለው ነው ዘሩ እስካሁን የተረፈው። የሚመለከታቸውን አባቶች አስፈቅዶ የወደቀ ፍሬ መልቀም ይቻላል። የወይራ ፍሬ ግን ቆዳው ተልጦ፣ ፍሬው በጥንቃቄ ካልተሰነጠቀ ቶሎ አይበቅልም። በተፈጥሮ ልጦ የሚዘራው ወፍ ነው። የችግኝ ጣቢያዎች እሱን የሚሸሹትም ልፋቱን ፈርተው ነው። ማዘጋጃ ቤቶች ለመንገድ ዳር ችግኝ ሲገዙ ግማሹ አገር በቀል ይሁን ቢሉ ግን ያ ልጅ ኮሶ ማፍላት ይጀምራል። ገዢ ካለ ልፋቱ ይቻላል።

ለቤት ሰው ግን ገንዘብም አያስፈልገው። እኛ ዘንድሮ ብሎኬቱን አላፈረስንም። ከግድግዳው ሥር ግማሽ ሜትር ያህል ሲሚንቶ በመዶሻ ሰበርን። ሰኔ መጨረሻ ላይ ከሐረጎ በታች ካለ ዘመዳችን አጥር ክንድ ክንድ የሚያህል ሃያ የሰንሰል ቅርንጫፍ ቆርጬ መጣሁና ሰካሁት። አሥራ ሰባቱ ይዟል። ሁለት ቀጋ ማዕዘኑ ላይ፣ ራስ ክምር ከበሩ አጠገብ። ሰንሰሉ ገና ጉልበቴ ጋ ነው፣ ለማበብ ጊዜ ይፈልጋል። እስከዚያው እናቴ ራሷ ንብ ሆናለች። ጠዋት ጠዋት ከቡና በፊት ትወጣለች። ከኋላዋ ትንሽ ዱባ የያዘችውን ሴቴ አበባ ትፈልጋለች፣ ወንዴዋን ቆርጣ ቅጠሏን ትገነጥልና ብናኟን መሃሏ ላይ ትቀባታለች። አራት ዱባ ይዟል።